ማካሮቭ ሽጉጥ ጥይት አልጎርስ ሲል፦ ከካዝናው የሚጀምር የፍተሻ መመሪያ

ሽጉጥ ጥይት ሲነክስ፣ ማለትም ጥይቱ ተቀርቅሮ አልጎርስ ወይም አልወጣ ሲል፣ የብዙ ሰው እጅ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ሞረድ ነው። ጥይት የምትወጣበትን መወጣጫ መሞረድ፣ የካዝናውን አፍ በፒንሳ ማጠፍ፣ ሞላውን መለጠጥ። እባካችሁ ይህን አታድርጉ። የተሞረደ ብረት አይመለስም፤ ጥፋቱም አብዛኛውን ጊዜ እዚያ አይደለም። ጥፋቱ ካዝናው ላይ፣ ጥይቱ ላይ፣ ወይም ውስጥ የተጋገረው ቆሻሻ ላይ ነው። ሦስቱም ያለ ሞረድ ይፈተሻሉ።

ምሳሌ የማደርገው ማካሮቭን ነው። ኒኮላይ ማካሮቭ ነድፎት የሶቪየት ጦር እ.ኤ.አ. በ1951 የተቀበለው ሽጉጥ ነው። ኋላ በምሥራቅ ጀርመን፣ በቡልጋሪያና በቻይናም ተመርቷል። እኛም አገር ስሙ በደንብ ይታወቃል። ለመማሪያ የሚመረጠው ቀላል ስለሆነ ነው። በርሜሉ ከአካሉ ጋር የተጣበቀ ነው፣ አይንቀሳቀስም። ካዝናው 8 ጥይት በአንድ ረድፍ ይይዛል። እዚህ ላይ የተማራችሁት አብዛኛው ነገር ለሌላ ግማሽ አውቶማቲክ ሽጉጥም ይሠራል፤ የመፍታቱ አካሄድ ግን ከሞዴል ሞዴል ይለያያል።

ጽሑፉ በፈቃድ መሣሪያ ለያዘ ሰው ነው። አገራችን ውስጥ ጉዳዩ የሚመራው በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ነው። የተኩስ ሙከራ የሚደረገውም በተፈቀደ የዒላማ ተኩስ ቦታ ብቻ ነው፤ ግቢ ውስጥ፣ ጫካ ውስጥ፣ ወንዝ ዳር አይደለም።

መጀመሪያ ባዶ ማድረግ

ይህ ክፍል ላይ አትቸኩሉ። አፈሙዙን ጥይት ቢያመልጥ ማንንም ወደማይጎዳበት አቅጣጫ አዙሩ። ጣታችሁ ከምላጩ ቀለበት ውጪ ይሁን። ከዚያ ካዝናውን አውጡ። ከካዝናው በፊት ስላይዱን፣ ማለትም ከላይ የሚንሸራተተውን ብረት፣ ብትስቡ አንዷን ጥይት አውጥታችሁ ሌላዋን ታጎርሳላችሁ። ብዙ አደጋ የሚመጣው ከዚህች ቅደም ተከተል መገላበጥ ነው።

ማካሮቭ ላይ ሴፍቲው፣ ማለትም ተኩስ መከልከያው፣ ወደ ላይ ሲሆን ስላይዱ ይቆለፋል። ስለዚህ ባዶ ለማድረግ ሴፍቲውን ወደ ታች ማውረድ ግድ ነው። በዚያች ሰዓት ሽጉጡ ለመተኮስ ዝግጁ ነው ማለት ነው፤ የአፈሙዙ አቅጣጫ ጉዳይ የሚገዝፈውም ለዚህ ነው። አሁን ስላይዱን ደጋግማችሁ ሳቡ። በመጨረሻ ወደ ኋላ ስባችሁ በግራ በኩል ባለችው ማቆሚያ ክፍት አድርጋችሁ አቁሙት። ወደ ውስጥ ተመልከቱ። በትንሿ ጣታችሁም ዳስሱ፤ ጨለማ ውስጥ ዓይን ይሳሳታል።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ማካሮቭ ካዝናው ወጥቶም ይተኩሳል። «ካዝናው ወጥቷል» ማለት «ባዶ ነው» ማለት አይደለም።

ምላጩን ስባችሁ ቀጭ ብሎ ከቀረ፣ ማለትም ጥይቱ ከከሸፈ፣ ወዲያው አትክፈቱት። አፈሙዙን ወደ ዒላማው እንዳደረጋችሁ ቢያንስ 30 ሰከንድ ቆዩ። አንዳንዴ ባሩዱ ዘግይቶ ይነሣል። ድምፁ ከወትሮው ደከም ብሎ ከተሰማ ደግሞ ተኩሱን በቃ አቁሙ። እርሳሱ፣ ማለትም ከቀለሁ ተነጥሎ የሚወነጨፈው የጥይቱ ጫፍ፣ በርሜሉ መሃል ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ከኋላው ሌላ ብትተኩሱ በርሜሉ ሊፈነዳ ይችላል።

አነካከሱን ማንበብ

ሽጉጡ ሲነክስ የሰው ደመ ነፍስ መጎተትና መምታት ነው። በልምምድ ቦታ ግን አምስት ሰከንድ ታገሡና ተመልከቱት። አፈሙዙ ወደ ዒላማው፣ ጣት ውጪ፣ አጠገባችሁ ያለ ሰው ከጎን ፎቶ ቢያነሳላችሁ ደግሞ እሰየው። ጥይቷ የቆመችበት ሁኔታ ግማሹን መልስ ይነግራችኋል። አንዴ ከነቀላችኋት ማስረጃው ጠፋ።

መጀመሪያ እንዴት እንደሚሠራ በአጭሩ። ጥይቷ ስትፈነዳ ቀለሁ ወደ ኋላ ተገፍቶ ስላይዱን ይዞት ይሄዳል። ስላይዱ ላይ ያለችው ጥፍር ቀለሁን ከበርሜሉ ጎትታ ታወጣለች፤ መወርወሪያዋ ገጭ አድርጋ በስላይዱ ጎን ባለው መስኮት ታስፈነጥረዋለች። በርሜሉን የከበበው ሞላ ስላይዱን ወደ ፊት ይመልሰዋል። ስላይዱ ሲመለስ ካዝናው አፍ ላይ ያለችውን ጥይት ከኋላዋ ገፍቶ በመወጣጫው ወደ በርሜሉ ያስገባታል። የካዝናው ሞላ በዚያች ቅጽበት ጥይቷን ወደ ላይ አድርሶ መጠበቅ አለበት።

አሁን ወደ ምልክቶቹ እንሂድ።

የጥይቷ አፍንጫ ወደ ታች አዘንብሎ መወጣጫው ላይ ተቸንክሮ ከቆመ፣ ጥይቷ በቂ ከፍታ አላገኘችም። የምትጠረጥሩት የደከመ የካዝና ሞላ፣ በቆሻሻ የያዘ ካዝና፣ ወይም እስከ መጨረሻው ያልገባ ካዝና ነው።

አፍንጫዋ ወደ ላይ ቀና ብሎ የበርሜሉን የላይኛ ጠርዝ ከነካ፣ ካዝናው ቶሎ ለቋታል። የካዝናው ከንፈሮች፣ ማለትም ጥይቷን ከላይ የሚይዙት የአፉ ጠርዞች፣ ተከፍተዋል ማለት ነው። ካዝናው ወድቆ ያውቅ እንደሆነ አስታውሱ።

ስላይዱ ጥይቷን ሳይነካ ባዶውን ተዘግቶ ከሆነ ሁለት መንገድ አለ። ወይ ጥይቷ ዘግይታ ደርሳለች፣ ወይ ስላይዱ ሙሉ መንገዱን ወደ ኋላ አልሄደም። ሁለተኛው የሚመጣው ከደካማ ጥይት፣ ከድርቀትና ከቆሻሻ፣ ወይም ከላላ አያያዝ ነው። ሁለቱን የምንለይበት ሙከራ ወደ ኋላ ይመጣል።

ስላይዱ ሊዘጋ ሁለት ሚሊ ሜትር ሲቀረው ከቆመ፣ ጥይቷ የምትተኛበት የበርሜል ክፍል ቆሽሿል፣ ጥፍሯ በቆሻሻ ተይዛለች፣ የበርሜሉ ሞላ ደክሟል፣ ወይም ጥይቷ ራሷ ልኳ አይደለም። ስላይዱን ከኋላ አንዴ በእጅ መግፋት ይቻላል። አንዴ ብቻ። እምቢ ካለ አውጥታችሁ ጥይቷን ለብቻዋ አስቀምጡ፤ በኋላ ትለካለች። በመዶሻ ወይም በጠረጴዛ ጠርዝ መምታት ፈጽሞ አይታሰብም።

ባዶ ቀለህ መስኮቱ ላይ ቆሞ ስላይዱ ከነከሰው፣ ወይም አሮጌው ቀለህ ሳይወጣ አዲሷ ጥይት ከኋላው ከተደፈነች፣ ችግሩ የማጉረስ ቢመስልም መነሻው የማውጣት ነው። ጥፍሯን፣ የጥፍሯን ሞላና መወርወሪያዋን ፈትሹ። ሁለት ተደፍነው ካዝናው አልወጣ ካለ መጀመሪያ ስላይዱን ስባችሁ ክፍት አድርጋችሁ አቁሙት፤ ከዚያ ካዝናው በጉልበት ተጎትቶ ይወጣል።

የሶቪየት ጦር የማካሮቭ መመሪያም መስተጓጎሎቹን በአምስት ከፍሎ ሲዘረዝር ከአንዱ ወደ ሌላው የሚመላለሰው ምክንያት ቆሻሻ ነው። የካዝናውን አፍ መጣመምም ይጠቅሳል። እኔም የምጀምረው ከዚያው ነው።

ካዝናው

ካዝናዎቻችሁን በማርከር ቁጥር ጻፉባቸው። 1፣ 2፣ 3። ይህች ትንሽ ነገር ብዙ ሰዓት ታተርፋለች። ንክሻው ሁልጊዜ 2 ቁጥር ላይ ከሆነ ሽጉጡን መበታተን አያስፈልግም፤ በሽተኛው ታውቋል። ያላችሁ አንድ ካዝና ብቻ ከሆነ ደህና እንደሚሠራ የተረጋገጠ ሌላ ፈልጉና አወዳድሩ።

ባዶውን ካዝና በእጃችሁ ያዙ። ጥይት ከታች የሚገፋውን ሳህን በእንጨት ቁራጭ እስከ ታች ግፉትና ቀስ ብላችሁ ልቀቁት። ሳይንገጫገጭ፣ ሳያዘነብል፣ እስከ አፉ መድረስ አለበት። መሃል ላይ ከያዘ ጎኑን ተመልከቱ። የማካሮቭ ካዝና ጎኖቹ ሰፊ ክፍተት ስላላቸው ሞላው ከውጭ ይታያል። በክፍተቱ አቧራ፣ የኪስ ብናኝና የቆዳ ፍርፋሪም ይገባል። ጎኑ ላይ ያለች ትንሽ ስርጉድ እንኳ ሳህኑን ታስይዘዋለች።

ከዚያ ከንፈሮቹን ከላይ ወደ ታች እያያችሁ አስተያዩ። ግራና ቀኙ እኩል ነው? አንዱ ወደ ውጭ ተከፍቷል? ከኋላ ጥጉ ላይ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ አለች? ካሊፐር፣ ማለትም የሚሊ ሜትር መለኪያ፣ ካላችሁ በመካከላቸው ያለውን ስፋት ለኩና ከደህናው ካዝና ጋር አነጻጽሩ። የተጣመመ ከንፈር በፒንሳ ይቃናል የሚሉ አሉ። አንዴ ተጣሞ የተቃና ስስ ብረት እንደገና ለመክፈት ቅርብ ነውና እኔ አልመክርም። ካዝና ከሽጉጡ ሁሉ ቶሎ የሚያልቅ ዕቃ ነው፤ ይቀየራል።

ካዝናውን ለማጽዳት የታችኛውን ክዳን ስታንሸራትቱ ሞላው ፈንጥሮ ዓይን ሊመታ ይችላል፤ መነጽር አድርጉ፣ አውራ ጣታችሁንም አትንሱበት። ሳህኑና ሞላው በየትኛው ፊት እንደገቡ ከመንቀላችሁ በፊት ፎቶ አንሱ። ተገልብጦ የገባ ሞላ ራሱ የንክሻ ምክንያት ነው። ውስጡን በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ። ዘይት አታድርጉ። ዘይት አቧራ ይሰበስባል፤ በጥይቱ ግርጌ ወዳለው ማቀጣጠያ፣ ወደ ካፕሱሉም፣ ሊሰርግ ይችላል። ሞላው ከአዲስ ሞላ ጋር ሲተያይ በግልጽ አጥሮ ከታየ ይቀየር። መለጠጥ ለጥቂት ቀን ያሠራል፤ ከዚያ ይብሳል።

የካዝናው አገባብም ይታይ። ማካሮቭ ካዝናውን የሚይዘው ከመያዣው ግርጌ፣ ከኋላ ነው። ካዝናውን የምትይዘው ጥርስ መዶሻውን፣ ማለትም መርፌውን የሚመታውን ክፍል፣ የሚገፋው ዝርግ ሞላ የታችኛ ጫፍ ናት። ካዝናውን ስታስገቡ ቀጭ የሚል ድምፅ ይሰማል። ከሰማችሁም በኋላ ወደ ታች ጎተት አድርጉት። ከወረደ ወይም በጣም ከተነቃነቀ ጥይቷ ስላይዱ ከሚጠብቃት ቦታ ዝቅ ብላለች። ስምንት ሞልቶ ስላይዱ እንደተዘጋ ሲገባ ጠበቅ ይላል፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው ገባ ብሎ የሚሸወደው።

ጥይቱ

ዘጠኝ ሚሊ ሜትር የሚባል ጥይት አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። የማካሮቭ 9×18 ነው፤ ቀለሁ 18 ሚሊ ሜትር ገደማ ይረዝማል። አጭሩ 9×17 ቀለሁ 17.3 ገደማ ነው። የብዙዎቹ አዳዲስ ሽጉጦች 9×19 ደግሞ ከ19 ትንሽ ያልፋል። የእርሳሱም ውፍረት ይለያያል። የማካሮቭ እርሳስ 9.2 ሚሊ ሜትርን ያልፋል፤ የሁለቱ ሌሎች 9 ገደማ ነው።

9×19 ማካሮቭ ውስጥ ስላይዱን አያዘጋም። በጉልበት ለማስገባት መሞከር አደገኛ ነው። 9×17 ግን ትገባለች፤ አሳሳቿም እሷ ናት። በልኳ አትቀመጥም፣ አቅሟም ያንሳል፣ ስላይዱ ግማሽ መንገድ ሄዶ ይመለሳል፣ ባለቤቱም ሽጉጡ ተበላሸ ብሎ ይፈታታዋል። በድሮ የሶቪየት ጦር ጥይት ግርጌ ላይ ያለው ጽሑፍ የፋብሪካ ቁጥርና ዓመት እንጂ የጥይቱ ልክ አይደለም። ስለዚህ የተቀላቀለ ጥይት በዓይን ግምት አይለይም፤ ይለካል።

ከዚያ አንድ በአንድ እያዟዟራችሁ እዩ። አረንጓዴ ያወጣች፣ የተሰረጎደች፣ እርሳሷ የሚነቃነቅ ወይም ወደ ውስጥ የገባ ጥይት አትተኮስም። እርሳሱ ሲገባ በውስጧ ያለው ግፊት ይጨምራል። ይህ የሚመጣው አንዷን ጥይት በየቀኑ እያቀባበሉ ከማውጣትና ከመመለስ ነው፤ ጥበቃ ሥራ ላይ የተለመደ ነው። ሁልጊዜ ያቺኑ ጥይት እንዳታቀባብሉ የጥይቶቹን ተራ አለዋውጡ። የተበላሹትን ለፖሊስ አስረክቡ፤ ቆሻሻ ውስጥም እሳት ውስጥም አይጣሉም።

የአፍንጫም ጉዳይ አለ። ማካሮቭ የተሠራው ክብ አፍንጫ ላለው፣ ሙሉ በሙሉ ለተለበጠ እርሳስ ነው። አፉ ክፍት የሆነው ዓይነት በአንዳንድ ሽጉጥ ላይ መወጣጫው ጋ ይያዛል። ክብ አፍንጫው ያለችግር ከጎረሰ መልሱ ጥይት መቀየር ነው።

መፍታትና ማጽዳት

ባዶ መሆኑን እንደገና አረጋግጡ። ካዝናው ይውጣ፣ ጥይት ከክፍሉ ይራቅ። የምላጩን ቀለበት ወደ ታች ስባችሁ ወደ አንድ ጎን ዘንበል አድርጉና አካሉ ላይ አሳርፉት። ስላይዱን እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ስባችሁ የኋላ ጫፉን ወደ ላይ አንሱ፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ ፊት ይውጣ። ሞላውን ከበርሜሉ ላይ አውጡ። ለዛሬ ከዚህ በላይ መፍታት አያስፈልግም።

ጥይቷ የምትተኛበትን የበርሜል ክፍል በመዳብ ብሩሽና በመሣሪያ ማጽጃ ወይም በነጭ ጋዝ ፈትጉ። እዚያ የሚጋገረው ጥላሸት በዓይን አይታይም፤ ነጭ ጨርቅ ግን ያወጣዋል። ነጭ ጋዝ ከተጠቀማችሁ መስኮት ይከፈት፣ እሳት አይኑር፣ በመጨረሻም በደንብ ይደረቅ። መወጣጫውን በጨርቅ ወልውሉ። የስላይዱን ፊት፣ ቀለሁ የሚደገፍበትን ጎድጓዳ፣ በጥርስ ብሩሽ አጽዱ። ከጥፍሯ ሥር ያለውን ጥቁር ነገር በስንጥር ጎርጉሩ። ከዚያች ትንሽ ቦታ የሚወጣው ቆሻሻ ያስገርማል።

አሁን ሦስት ፈጣን ፍተሻዎች። አንደኛ፣ ባዶ ቀለህ ከጥፍሯ ሥር አስገብታችሁ ስላይዱን ወዝወዝ አድርጉ። ቀለሁ ካልወደቀ ጥፍሯ ትይዛለች። ሁለተኛ፣ የሴፍቲውን እጀታ ወደ ታች አድርጋችሁ ስላይዱን ወደ ፊትና ወደ ኋላ አዘንብሉት። የመምቻው መርፌ ቅጭ ቅጭ እያለ በነፃነት ሲንሸራተት መስማት አለባችሁ። የማካሮቭ መርፌ የራሱ ሞላ የለውም። በቆሻሻ ወደ ፊት ተይዞ ከቀረ ስላይዱ ሲዘጋ ምላጭ ሳይነካ ጥይት ሊተኩስ ይችላል። ድምፅ ካልሰማችሁ ሽጉጡን አትጠቀሙበት። ሦስተኛውን ስላይዱን ሌላ ክፍል አስቀምጣችሁ አድርጉት። መርፌው በሌለበት፣ አንዷን ጥይት በበርሜሉ ኋላ በኩል ጣሏት። ጠብ ብላ መግባት፣ ሲዘቀዘቅም ያለ ጣት መውጣት አለባት። ተጣብቃ ከቀረች ወይ ክፍሉ አልጸዳም፣ ወይ ጥይቷ ወፍራለች። ሌላ ጥይት ሞክሩና ትለያላችሁ።

ስትመልሱት ስለ ሞላው ተጠንቀቁ። የበርሜሉ ሞላ አንዱ ጫፍ ጠበብ ይላል። መጀመሪያ በርሜሉ ላይ የሚጠለቀው እሱ ነው። ተገልብጦ ከገባ በሥርዓት አይቀመጥም። ዘይት በስላይዱ ሐዲዶች ላይ ጠብታ ጠብታ፣ በበርሜሉ ውጫዊ ገጽ ላይ በስሱ፣ በቃ። የልብስ ስፌት መኪና ዘይት ለጊዜው ይሠራል። ወፍራም ግሪስ በብርድ ይረጋል፣ ስላይዱንም ያዘገያል። መርፌው ውስጥና ጥይት ማረፊያው ውስጥ ዘይት አይገባም።

ከተገጠመ በኋላ ባዶውን ሽጉጥ አፈሙዙን ወደ ሰማይ አቁማችሁ ስላይዱን ስባችሁ በእጃችሁ ቀስ እያላችሁ መልሱት። ሳትገፉት ራሱ እስከ መጨረሻው መዘጋት አለበት። ጸድቶም ካልዘጋ የበርሜሉ ሞላ ደክሟል፤ ርካሽ ዕቃ ነው፣ ይቀየር።

ክረምት ላይ በቆዳ ማኅደር ውስጥ ለሳምንታት መተው መጥፎ ልማድ ነው። ቆዳው እርጥበት ይይዛል፣ ብረቱ ይዝጋል፣ ጥይቱም አረንጓዴ ያወጣል።

ተኩስ ቦታው ላይ

ማስታወሻ ደብተር ያዙ። የካዝና ቁጥር፣ የጥይት ዓይነት፣ ስንተኛዋ ጥይት ላይ እንደነከሰ፣ እንዴት እንደቆመች። መጀመሪያ ካዝናው ውስጥ አንድ ጥይት ብቻ አድርጋችሁ ተኩሱ። ስላይዱ ወደ ኋላ ሄዶ ክፍት ሆኖ ከቆመ ሙሉ መንገዱን ሄዷል። በሁሉም ካዝና ካልቆመ ጥይቱ ደካማ ነው፣ ስላይዱ ይጎተታል፣ አያያዛችሁ ላልቷል፣ ወይም ማቆሚያዋ ተበልታለች። በአንዱ ካዝና ብቻ ካልቆመ የዚያ ካዝና ሞላ ወይም ሳህን ነው። ቀጥሎ ሁለት፣ ከዚያ ስምንት።

አያያዙን ለመለየት ልምድ ያለው ሰው በዚያው ካዝና፣ በዚያው ጥይት ይተኩስ። እሱ እጅ ላይ ካልነከሰ የእጅ አንጓችሁን አጠንክሩ፤ አውራ ጣታችሁም ስላይዱን እየነካ እንዳይሆን እዩ። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ። ካዝናም ጥይትም ሞላም በአንድ ቀን ከቀየራችሁ ቢስተካከልም ምኑ እንደነበረ አታውቁም።

በአንድ ምላጭ ሁለት ጊዜ ከተኮሰ እዚያው አቁሙ። ይህ የረጋ ዘይትና ቆሻሻ ወይም መዶሻውን የሚይዘው ጥርስ መበላት ነው፤ በቤት የሚሠራ አይደለም። በርሜሉ ካበጠ፣ ስላይዱ ስንጥቅ ካሳየ፣ ወይም ይህን ሁሉ አድርጋችሁም መንከሱን ካላቆመ ፈቃድ ወዳለው የመሣሪያ ጥገና ባለሙያ ይሂድ። ሽጉጡን ባዶ አድርጋችሁ፣ ካዝናዎቹን ለብቻ ይዛችሁ፣ የነከሰበትን ፎቶና ማስታወሻ ደብተሩን አብራችሁ ውሰዱለት።